በአደይ ስም የተያዘ ሼር

ቢሊየነሩ ለእኔ ደብዳቤ አልጻፈልኝም። ለጎረቤቴ ለፀጉር አስተካካዩ ጻፈ። ከእሱ ቀጥሎ ላለችው ልብስ ሰፊ ጻፈ። ኤርፖርት ታክሲ ለሚነዳው ደንበኛዬ ጻፈ። በአንድ ሳምንት ውስጥ እዚህ ካሊፎርኒያ፣ ኦክላንድ ከተማ ቴሜስካል ሰፈር ከሚያውቁኝ ሰዎች ግማሾቹ ወፍራም ነጭ ፖስታ ይዘው ሱቄ ገቡ። የስልክ ካርድ የተደረደረበት መስታወት ላይ እየዘረጉ «እስቲ ይቺን እያት» አሉኝ። እኔ ከስምንተኛ ክፍል የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ያውም በበሩ ሳይሆን በአጥሩ። ደብዳቤ የሚያመጡልኝ እንግሊዝኛዬን ተማምነው አልነበረም። ከልጅነቴ ጀምሮ መንገድ ላይ ስሸጥ ስለኖርኩ፣ ሰው ምን ሊሸጥልኝ ወይም ምን ሊወስድብኝ እንደመጣ ገና ከሰላምታው ስለሚገባኝ ነው።

የቢሊየነሩ ሰላምታ ረጅም ነበር። ሁለት ገጽ ሙሉ ማኅበረሰባችንን ሲያደንቅ ቆይቶ ሦስተኛው ላይ ወደ ነገሩ ገባ። እጃችሁ ላይ ያለውን ሼር በገዛችሁበት አራት እጥፍ ከእናንተ እገዛለሁ። የኩባንያው ኃላፊዎች አንሸጥም ስላሉኝ እነሱን ትቼ በቀጥታ ወደ እናንተ መጥቻለሁ። መልሳችሁን የዛሬ ሁለት ሳምንት ዓርብ፣ በፈረንጁ ሰዓት ከአምስት በፊት አሳውቁኝ።

«አራት እጥፍ!» አለ ታክሲ ነጂው። «አንተ፣ አራት እጥፍ እኮ ነው!»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ምን ፊትህን ታጠቁራለህ? ለአንተም ደርሶሃል አይደል?»

«አልደረሰኝም።»

«ሼር የለህም እንዴ?»

«አለኝ። በስሜ አይደለም» አልኩትና ሌላ ደንበኛ ማስተናገድ ጀመርኩ።

ኩባንያ የምንለው ሁለት የአክስትና የአጎት ልጆች ሳኒቬል ውስጥ የጀመሩት ዌብሳይት ነው። ሁለቱም መሐንዲሶች ናቸው። ቀን ትልቅ መሥሪያ ቤት ተቀጥረው ይሠራሉ፤ ቅዳሜና እሑድ ይህን ይገነባሉ። መጀመሪያ ማስታወቂያ መለጠፊያ ብቻ ነበር። ክፍል የሚያከራይ ይለጥፋል፣ ወደ አዲስ አበባ የሚበርና ሻንጣው ላይ ኪሎ የተረፈው ይለጥፋል፣ ለቅሶ ይለጠፋል፣ ምርቃት ይለጠፋል። ቆይቶ ሰው የራሱን ፎቶ፣ የትውልድ ሰፈሩን፣ የተማረበትን ትምህርት ቤት፣ የዘመዱን ስም እየጻፈ እርስ በርሱ መፈላለግ ጀመረ። በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለት ሺዎቹ ዓመታት ሲያልቁ ከሲያትል እስከ አትላንታ እዚያ ውስጥ ያልገባ ሐበሻ የለም ይባል ነበር። እኔ አልገባሁም። የማምነው ባንኮኒዬን ነው። ግን ሱቅ የሚገባ ሰው ሁሉ ስለ እሱ ሲያወራ ስሰማ፣ ገበያ ያለበት ነገር ነው ብዬ አንዲት ሼር ገዛሁ።

ሼሩ መቶ ነበር። ልጆቹ ሠላሳ ስምንቱን ለራሳቸው አስቀርተው የቀረውን ኦክላንድ ውስጥ በአንድ የስብሰባ አዳራሽ ሸጡልን። ያን ቀን ነው እኛ ብቻ የምንሠራውን ስሕተት የሠራነው። የሚሞላው ፎርም የሶሻል ሴኩሪቲ፣ መንግሥት ለየሰዉ የሚሰጠውን መለያ ቁጥር ይጠይቃል። ሰዉ ፎርሙን አየና ዝም አለ። እኛ በዚህ አገር ሶሻል የጠየቁን ሦስት ነገሮች ናቸው፤ አፓርትመንት፣ መኪና፣ ብድር። ሦስቱም ክሬዲት፣ ማለትም ሰው ዕዳውን በጊዜው መክፈሉን ያያሉ። ስለዚህ ሼርም ክሬዲት ያያል ማለት ነው። ማንም ማንንም አልጠየቀም። እንዲህ ያለ ነገር ጮክ ብሎ የሚጠይቅ ክሬዲቱ የተበላሸ ሰው ብቻ ነው።

የእኔ ክሬዲት ያኔ ሬሳ ነበር። አንዲት ቫን ነበረችኝ፤ ብድሯን ስላልከፈልኩ ባንኩ ሊወስዳት ይፈልጋታል፣ እኔ ደግሞ መንገድ ዳር አላቆማትም። ክሬዲቱን የሚያምን በስሙ ሞላ፤ የብዙው ሰው ግን ከእኔ አይሻልም ነበር። ዞር ዞር ስንል አዳራሹ ጥግ ላይ አደይ ተቀምጠዋል።

አደይ ኤርትራዊት ናቸው፤ ስማቸውን የሚጠራ ሰው ሰምቼ አላውቅም፣ ሁላችንም አደይ፣ በትግርኛ እናቴ፣ ነው የምንላቸው። አዲስ አበባ ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል። ኦክላንድ ውስጥ ሆቴል አልጋ ሲያነጥፉ ኖረው ጡረታ ወጡ። ከመጡበት ቀን ጀምሮ ቢል አንድ ቀን አሳልፈው አያውቁም። ባላቸው መኪና ሊገዙ ሄደው፣ ሻጩ የአደይን ክሬዲት ሲያይ ከወንበሩ ተነስቶ ጨበጣቸው ይባላል። ታዲያ ስንት ሰው ለምኗቸው ለማንም ኮሳይን አድርገው፣ በብድር ዋስ ሆነው አያውቁም። «መኪና ይጋጫል» ነበር መልሳቸው። ያን ቀን ግን ፎርሙን ከላይ እስከ ታች አዩትና «ይሄ አይጋጭም» ብለው እሺ አሉን። ሃያ ሦስት ሰው ተሰልፈን ገንዘባችንን ሰጠናቸው። ከመቶው ሠላሳ አንዱ በአደይ ስም ተጻፈ። ከዚያ ውስጥ የራሳቸው ሁለት ብቻ ነው። በመካከላችን የነበረው ወረቀት የአደይ ቃል ነው።

ደብዳቤው በተበተነ በሦስተኛው ቀን ከሁለቱ መሐንዲሶች ታላቁ ደወለልኝ። ድምፁ እንቅልፍ ያጣ ሰው ድምፅ ነው።

«ጋሼ፣ ሃያ አራት ሼር እሺ ብለውታል። ከግማሽ በላይ ከያዘ እኛን አባሮ የፈለገውን ያደርጋል።»

«መከልከል አትችሉም? ደንብ የላችሁም?»

«ደንቡን ከኢንተርኔት ነው ያወረድነው። ሎየር ውድ ነበር። ማንም ለማንም እንዳይሸጥ የሚል ነገር የለበትም።»

«ጎበዞች።»

«ጋሼ አሁን አይቀልዱብኝ። የቀረችው አንዲት ትልቅ ኢንቨስተር ናት። ሠላሳ አንድ ሼር አላት። እሷ ከፈረመች አለቀ። ፎርሟን እንጂ ፊቷን አላስታውስም፤ ኦክላንድ ነው የምትኖረው፣ ምናልባት ያውቋት ይሆን?»

ስሙን ነገረኝ። የአደይን ስም መጀመሪያ የሰማሁት ያኔ ነው። ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደግሞ ቆመ። ኢንቨስተሯ ሆቴል አንሶላ ስትቀይር የኖረች ባልቴት መሆኗን ብነግረው ልጁ መንገድ ላይ ይወድቃል ብዬ «አውቃታለሁ፤ ተወው ለእኔ» አልኩት።

ተወው ለእኔ ማለት ቀላል ነው። አደይ ቤት መሄድ ነበር ከባዱ።

ባላቸው ከሁለት ወር በፊት ሞተዋል። ለቅሶው የተለጠፈው እዚያው ዌብሳይት ላይ ነው፤ እኔ ደግሞ ሼር ገዛሁ እንጂ አንድ ቀን ከፍቼው አላውቅም። ስሰማ ሦስት ሳምንት አልፎ ነበር። ዛሬ እሄዳለሁ፣ ነገ እሄዳለሁ ስል አንድ ወር ሆነ። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው በሦስተኛው ሳምንት ዋሾ ይመስላል፣ በሁለተኛው ወር ጠላት። በዚያ ላይ አሁን ጉዳይ ይዤ ነው የምሄደው። ጉዳይ ይዞ ለቅሶ ቤት የሚገባ ሰው ደግሞ ስሙ ምን እንደሆነ አንባቢም ያውቀዋል።

ስለዚህ መጀመሪያ ሳን ሆዜ ሄድኩ። ፈርቼ ነው ቢባል አልክድም፤ ግን ምክንያትም ነበረኝ። የስልክ ካርድ በጅምላ የማወጣው እዚያ ካለ ቬትናማዊ ነጋዴ ነው። የእነሱንም ሰዎች ዌብሳይት ይኸው ቢሊየነር ባለፈው ዓመት እንደገዛው ሰምቼ ነበር። የእያንዳንዱን ስደተኛ ሕዝብ ዌብሳይት እየለቀመ አንድ ላይ ሊሰፋቸው ነው ይባል ነበር። ዕቃ ሳልገዛ በፊት የገዛ ሰው ቤት ሄጄ አየዋለሁ፤ ልማዴ ነው።

ሰውዬው ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረልኝ። የአንድ ሽማግሌ ፎቶ አለ፤ የሞታቸው ማስታወቂያ መሆኑን ነገረኝ። ከፎቶው ጎን የፍራሽ ማስታወቂያ ብልጭ ድርግም ይላል፤ «ዛሬውኑ ተኝተው ይሞክሩት» ይላል።

«ለቅሶ ለመለጠፍ አሁን ይከፈላል» አለኝ። «ሚስቴ ደግሞ ማታ ማታ ስልክ ታነሳለች። ኢንሹራንስ፣ የመቃብር ቦታ፣ ዳይፐር። እህቷ መውለዷን ሻጮቹ ከእኛ በፊት ሰሙ።»

«እንደገዛው መጀመሪያ እንዴት ነበር?»

«መጀመሪያማ በጣም ጥሩ ነበር። ድግስ አደረገልን።»

«ለሦስት ወር?»

ቀና ብሎ አየኝ። «አዎ፣ ሦስት ወር ያህል። አንተ እንዴት አወቅህ?»

ካርዶቼን ቫን ውስጥ ጭኜ ወደ ኦክላንድ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ ራዲዮ አልከፈትኩም።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ ሁለት ካርቶን ውኃና አንድ ካርቶን ለስላሳ ተሸክሜ የአደይን ደረጃ ወጣሁ። ልጃቸው ከፈተችልኝ። እዚህ የተወለደች ነርስ ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። ወደ ውስጥ ዞራ «ማሚ፣ የስልክ ካርዱ ሰውዬ!» ብላ ጮኸች። የስልክ ካርዱ ሰውዬ ሆኜ ገባሁ።

አደይ ጥቁር ለብሰው ሶፋው ጥግ ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» አልኩ። «አሜን» አሉና በእጃቸው ወንበር አሳዩኝ። ተቀመጥኩ። ለቅሶ ቤት ዝምታ ደንብ ነው፤ ያን ቀን ግን የተላከው ለእኔ ብቻ መሰለኝ። ቀና ስል ግድግዳው ላይ የባላቸው ፎቶ ተሰቅሏል። ትልቅ ነው፣ ወርቃማ ክፈፍ አለው፣ ያማረ ሥራ ነው።

«ደስ ይላል ፎቶው» አልኩ፣ የምለው አጥቼ።

«ያመጡት እነዚያ ናቸው» አሉ አደይ።

«እነማን?»

«የሀብታሙ ሰዎች። አንድ ነጭ ሎየርና አንዲት የእኛ ልጅ አስተርጓሚ። በሠላሳኛው ቀን መጡ። አበባ ይዘው፣ ይችን ፎቶ ይዘው። ጫማቸውን እንኳ በር ላይ አወለቁ።» ከፎቶው ወደ እኔ ዞሩና «አንተ ቴሌግራፍ ጎዳና ላይ ነህ፤ በእግር ሃያ ደቂቃ» አሉኝ።

ሰው ሲመታኝ አውቃለሁ። እንደዚያ ተመትቼ ግን አላውቅም።

«ጥፋቴ ነው አደይ። አፈርኩና ቀረሁ፣ ቀረሁና አፈርኩ።»

«ዛሬስ ለምን መጣህ?»

ልዋሽ እችል ነበር። የዕለት እንጀራዬ ነው፣ አያቅተኝም። ግን ዓይናቸውን አየሁና ተውኩት። «ለሁለቱም ነው» አልኳቸው። «ለለቅሶውም፣ ለሼሩም። ሼሩ ባይመጣ ኖሮ ዛሬም እያፈርኩ እቀር ነበር።»

ልጃቸው ከኩሽና በእንግሊዝኛ «ዋው» አለች። አደይ ግን ሊስቁ ምንም አልቀራቸውም። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉ።

«እሺ፣ የለቅሶውን ጨርሰሃል። የሼሩን ተናገር።»

ስለ ፎቶው ሊወጣ የነበረ አንድ ነገር አፌ ላይ ነበር፤ ዋጥኩት። ባልቴት ቤት ገብቶ የባሏን ፎቶ መንቀፍ ነውር ነው። እሳቸው ግን ቀደሙኝ።

«ፎቶውን ከየት እንዳገኙት አልገባኝም መሰለህ? እኛ ለለቅሶው ከለጠፍነው ላይ ነው ያነሱት። ገና ሳይገዙት ቤቴን አወቁ፣ ሐዘኔን አወቁ። ፎቶው ያምራል፤ አላወርደውም። ግን ገብቶኛል።»

«ታዲያ አይፈርሙማ!»

«እሱን አላልኩም። እኔ ዘንድ ያለው የሃያ ሦስት ሰው ነው። ግማሹ ሽጪልን እያለ ይደውላል፣ ግማሹ እንዳትሸጪ ይላል። አንተ አሁን መጣህ። እኔ በሰው ነገር ላይ ብቻዬን አልፈርምም። ረቡዕ ሁሉንም ሰብስብልኝ። እነዚያንም ልጆች፣ መሐንዲሶቹን፣ አንዱን አምጣልኝ።»

ከእሑድ እስከ ረቡዕ ሱቄን ለሁለት ቀን ዘጋሁ። በሃያ ዓመት ውስጥ ሁለት ቀን የዘጋሁት ያኔ ብቻ ነው። በስልክ ያላገኘሁትን በቫን ሄጄ አገኘሁ፤ ፓርኪንግ ውስጥ፣ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ አንዱን ታክሲ ሰልፍ ላይ። ሽጥ አትሽጥ አላልኩም። «ረቡዕ አደይ ይፈልጉሃል» ብቻ ነው ያልኩት። በዚህ ከተማ ይህን ሰምቶ የሚቀር የለም።

ረቡዕ የአደይ ሳሎን ሞላ። ወንበር ያልደረሰው መሬት ተቀመጠ። ታላቁ መሐንዲስ ከሥራ በቀጥታ መጥቶ፣ ባጁ አንገቱ ላይ እንደተንጠለጠለ በር ሥር ቆመ። አደይ «ተናገሩ» አሉ። ሰዉም ተናገረ።

«ልጄ ኮሌጅ ልትገባ ነው» አለ አንዱ። «አራት እጥፍ ማን ይሰጠኛል?»

«ሀብታም ቢገዛው ምን ይጎዳናል?» አለች ልብስ ሰፊዋ ከአደይ እግር ሥር። የራሷን በስሟ ገዝታ ለእህቷ የሚሆነውን ግን አደይ ጋ ያስቀመጠች ሴት ናት። «ለልጆቹስ ጥሩ አይደለም? ያሳድግላቸዋል።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። ሳን ሆዜ ያየሁትን ነገርኳቸው። የፍራሹን ስነግራቸው ሳቁ፤ ሳቁና ግን አላመኑኝም። ነጋዴ ስለ ሌላ ነጋዴ ክፉ ሲያወራ ማን ያምናል? ያኔ ነው ሌላ መንገድ እንደሌለኝ የገባኝ።

«እኔ ይህን የማውቀው ስላደረግኩት ነው» አልኩ። «ካርድ ስጀምር ኢስት ኦክላንድ ላይ የሚያከፋፍል አንድ የየመን ሰው ነበር። ንግድህን ሽጥልኝ አልኩት፣ እምቢ አለ። እሱን ትቼ ወደ ደንበኞቹ ሄድኩ፤ በየነዳጅ ማደያው፣ በየትንሿ ሱቅ። እሱ ከሚሰጣችሁ ኮሚሽን በላይ እሰጣችኋለሁ አልኩ። ለሦስት ወር ሰጠሁ፤ በኪሳራ። ሰውዬው ዘጋ። በአራተኛው ወር ኮሚሽኑን እሱ ይሰጥ ከነበረው በታች አወረድኩት። የት ይሄዳሉ? ሌላ የለም። ይኸው ነው። ባለቤቱን ትቶ ወደ እናንተ የመጣ ሰው የሚሰጣችሁ ዋጋ አይደለም፤ የአራተኛውን ወር ገንዘብ ነው አስቀድሞ የሚያበድራችሁ።»

ከመስኮቱ ሥር አንድ ድምፅ መጣ። ማክአርተር ጎዳና ላይ ነዳጅ ማደያ ካሸር የነበረ ሰው ነው።

«አንተ ውሻ! የእኔንም የቆረጥከው አንተ ነሃ! እኔ እኮ ‹ካምፓኒው ነው የቆረጠው› ብለኸኝ አምኜህ ነበር።»

«ካምፓኒው እኔ ነበርኩ።»

«ስምንት ዓመት ሙሉ ካምፓኒውን ስረግም!»

«ደርሶኛል» አልኩት። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን አልሳቀም፤ ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ አልሳቀልኝም። ያን ቀን አንድ ደንበኛና አንድ ስም ጣልኩ። የጣልኩትን እያወቅኩ ነው የጣልኩት።

አደይ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው እጃቸውን አነሱ። «እኔ ለሀብታሙም አልፈርምም፣ ለማንም አልፈርምም። የየራሳችሁን በየስማችሁ ውሰዱ። ከዚያ የሚሸጥ ይሽጥ፣ የሚይዝ ይያዝ። እግዜርም የሚጠይቃችሁ በየስማችሁ ነው።»

ሰዉ ተያየ። በመጨረሻ ያ ልጁን ኮሌጅ የሚያስገባው ጉሮሮውን ጠረገ። «አደይ፣ እሱስ ጥሩ ነበር... ክሬዲታችንስ?»

«እውነት ነው» አሉ አደይ፣ ወደ መሐንዲሱ ዞረው። «ክሬዲታቸው እንዴት ይሁን፣ ልጄ?»

መሐንዲሱ ግራ ገባው። «የምን ክሬዲት?»

«የሼሩ ነዋ።»

«ሼር ክሬዲት አያይም እኮ!»

«ታዲያ ሶሻል ለምን ጠየቃችሁን?»

«ለታክስ! ለታክስ ነው!» ወደ ሁላችንም አየ፣ ወደ አደይ አየ፣ ቀስ እያለ ገባውና ግድግዳውን ተደግፎ ወደ መሬት ተንሸራተተ። «አምላኬ! ክሬዲት ፈርታችሁ ነው ግማሽ ኩባንያ በአንድ ሰው ስም ያደረጋችሁት?»

«ግማሽ አይሞላም» አልኩት።

ዓርብ ከቀትር በኋላ ሳን ሆዜ ተገናኘን። የኩባንያው ቢሮ ከጥርስ ሐኪም በላይ ያለች አንዲት ክፍል ናት። አንድ በአንድ ገብተን ፈረምን፣ በስማችን የተጻፈ ወረቀት ይዘን ወጣን። የቢሊየነሩ ሎየር ነገሩን ሰምቶ ኖሮ ከመንገዱ ማዶ ያለው ቡና ቤት መስኮት ሥር ወረቀቱን ዘርግቶ ተቀምጧል፤ አስተርጓሚዋ ልጅ ከጎኑ ናት። በፈረንጁ አራት ሰዓት ነው። እስከ አምስት ከእኛ ሠላሳ አንድ ሼርና ገና ካልተሸጡት ከሌሎቹ ሰባት ውስጥ ሃያ ሰባቱን ካገኘ፣ በያዘው ሃያ አራት ላይ ሃምሳ አንድ ሞልቶ ኩባንያው የእሱ ነው።

ደረጃው ሥር ቆምኩ። ማንንም አልከለከልኩም፤ ክንድም አልያዝኩም። ወረቀቱን ይዞ ሲወርድ ግን እያንዳንዱ በእኔ በኩል ማለፍ ነበረበት። ካሸሩ ወረደ፤ አየኝ፤ ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ወደ መኪናው ሄደ። የኮሌጁ አባት ወረደ፤ አላየኝም፤ መንገዱን ተሻገረ። አልፈረድኩበትም። ሌሎችም ተሻገሩ፤ አንዱ ግማሽ መንገድ ሄዶ ተመለሰ። ከአፌ ቃል አልወጣም፣ በልቤ ግን እቆጥራለሁ።

አምስት ሊሆን አሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረው አደይ ቦርሳቸውን ታቅፈው ወረዱ። ቫኔ በቀኝ ነው የቆመው። እሳቸው ወደ ግራ፣ ወደ መሻገሪያው ዞሩ።

«አደይ! መኪናው ወዲህ ነው።»

«አውቃለሁ። መሻገር ነው የምፈልገው።»

ሮጬ ደረስኩባቸው። «አደይ፣ የት ነው የሚሻገሩት?»

«ሁለቱ ሼሮች የራሴ ናቸው። የመቃብር ድንጋይ ላሠራበት ነው።» መንገዱን አዩት፤ መኪናው ይከንፋል። ክርናቸውን ወደ እኔ ዘረጉልኝ። «ያዘኝ እንጂ፣ ጉልበቴን ታውቀው የለ።»

ከጠላቴ ጋር ልትዋዋል የምትሄድን ሴት ክንዷን ይዤ አረንጓዴ መብራት ጠበቅኩ። በራና ተሻገርን። ቡና ቤቱን በር የከፈትኩላቸውም እኔ ነኝ። ሎየሩ ብድግ አለ፣ አስተርጓሚዋ «እማማ እንኳን መጡ» አለች። አደይ መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው አነበቡ፤ ያልገባቸውን ሁለቴ ጠየቁ፤ ፈረሙ። ሎየሩ ከዚያ ወደ እኔ ቀና አለ።

«እርስዎስ? ስንት አለዎት?»

«አንድ።»

ሰዓቱን አየ። «ለአንዷ ስድስት እጥፍ።»

እውነቱን ልናገር፤ ስድስት እጥፍ ደስ ይላል። ያን ጊዜ ለቫኑም ለባንኩም ይበቃ ነበር።

«አልሸጥም።»

«ሁሉም ነገር ዋጋ አለው፣ ጌታዬ።»

«አለው። ዋጋ የላትም አላልኩህም፤ አልሸጥም ነው ያልኩህ» አልኩት። አስተርጓሚዋ ስትተረጉምለት ከንፈሯ ጫፍ ላይ ትንሽ ፈገግታ አየሁ፣ ወይም ያየሁ መሰለኝ።

አምስት ሞላ። ሎየሩ ወረቀቱን ሰብስቦ ሲነሳ ከማዶ መሐንዲሱ መስኮት ላይ ሁለት እጁን ወደ ላይ ይዞ ይዘላል። አሥራ አንድ ሼር ጎድሎት ነው ሰውዬው ኩባንያውን ያጣው። በሳምንቱ ሐሳቡን ተወ፤ የገዛውንም ቆይቶ ለልጆቹ መልሶ ሸጠላቸው። ዌብሳይቱ ከዚያ በኋላ ዓመታት በእጃችን ቆየ። ዛሬ የለም፤ ሰዉ በነጻ ወደ ትልልቆቹ ሄደ፣ የእኔም ሼር ወረቀት ሆና ቀረች። ስድስት እጥፉን ነበር መውሰድ የሚለኝ አይጠፋም። ይበል። እስከ መጨረሻው ቀን አንድም ለቅሶ አጠገብ ፍራሽ አልተሸጠም።

ያን ዓርብ ወደ ኦክላንድ ስንመለስ መንገዱ ቀጥ ብሎ ቆሞ ነበር። አደይ ከጎኔ ቦርሳቸውን ታቅፈዋል።

«ተናደድክብኝ?» አሉኝ።

«አልተናደድኩም።»

«ተናደሃል።»

«ትንሽ።»

«የሰው አደራ ነበረብኝ፣ መለስኩ። የራሴን ደግሞ ሸጥኩ። ሁለቱን ምን አገናኛቸው?»

መኪኖቹ ትንሽ ፈቀቅ አሉ፣ እኛም ፈቀቅ አልን።

«ጥቁሩ ድንጋይ ነው ወይስ ግራጫው የሚሻለው?» አሉ።

«ጥቁሩ ቆሻሻ አያሳይም። መቼ ነው የሚያዙት?»

«ነገ። ታደርሰኛለህ?»

ቅዳሜ የሱቅ ቀን ነው፤ በሳምንት ውስጥ ዋናው ቀን ነው። «ጠዋት እመጣለሁ» አልኳቸው። «ግን አደይ፣ እርስዎ ዝም ይሉልኛል። ድንጋይ ሻጩን የማናግረው እኔ ነኝ።»